ፊቱ መስታወት ላይ ቀረ፤ ከዓይኗ ግን ጠፋ!

ድሮ ፍቅረኛውን የሚወድ ሰው ፎቶ ቤት ሄዶ ይነሳና ከፎቶው ጀርባ «ለዘላለም የአንቺው» ብሎ ጽፎ ይሰጥ ነበር። ፎቶው ከጊዜ ብዛት ይደበዝዛል፣ ይቀደዳል፤ ሲጣሉም እሳት ውስጥ ይገባል። የዛሬ ልጅ ደግሞ ሌላ ዘዴ አምጥቷል። ፎቶውን መስታወት ላይ ያስቀርጻል። አይደበዝዝም፣ አይቀደድም፣ ውሃ አይነካውም… ሲጣሉም አይፋቅም! (ይቺን የመጨረሻዋን ነገር ልብ በሉልኝ፤ እመለስባታለሁ።)

ቀራጩ ማን መሰላችሁ? ትልቅ ፋብሪካ አይደለም። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ፣ በኮምፒዩተር የሚታዘዝ ትንሽ የሌዘር ማሽን ነው። አንዱን ዘመዱ ከዱባይ ያመጣለታል፤ ሌላው ከጓደኞቹ ጋር አዋጥቶ ከቻይና ያስመጣል። ከዚያ በተከራያት አንዲት ክፍል ውስጥ፣ ከአልጋው ሁለት እርምጃ ርቆ ማሽኑን ይተክላል። የሚዜዎች ብርጭቆ፣ የሙሽሮች ፎቶ፣ የሟች አባት ምስል… ሁሉም እዚያች ጠረጴዛ ላይ ይሠራል።

ሥራው ጥሩ ነው። እኔ በበኩሌ እደግፈዋለሁ። ከእነዚህ ልጆች ጎን ብዙ ጊዜ ቁጭ ብዬ ሲሠሩ አይቻለሁ፤ አንዳንዶቹ እጃቸው ይባረክ የሚያሰኝ ነገር ያወጣሉ። ነገር ግን ማንም ደፍሮ የማይናገረው አንድ ጉዳይ አለ። ዛሬ ስለ እሱ እናውራ።

መስታወቱን ምን ያደርገዋል?

ብዙ ሰው ሌዘር መስታወትን «ያቃጥለዋል» ይላል። አያቃጥለውም፤ ይሰነጥቀዋል! ጨረሩ ያረፈባት ነጥብ በቅጽበት ትግላለች፤ አካባቢዋ ግን እንደቀዘቀዘ ነው። የፈላ ውሃ ቀዝቃዛ ብርጭቆ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚከተል እናቶቻችሁን ጠይቁ። እዚህም ነገሩ ያው ነው፤ ልዩነቱ ስንጥቁ በዓይን የማይለይ ጥቃቅን መሆኑ ላይ ነው። እነዚህ እልፍ ስንጥቆች ብርሃኑን ሲበትኑት ነጭ፣ ጭጋግ የመሰለ ነገር ይታየናል። መስታወት ላይ የምታዩት ፊት እንግዲህ ቀለም አይደለም። የስንጥቅ ክምር ነው።

ማሽኖቹ በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው በቱቦ ውስጥ በታሸገ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ የሚሠራው ነው። የዓለማችን የመጀመሪያ ሌዘር እ.ኤ.አ. በ1960 በቴዎዶር ሜይማን እጅ አሜሪካ ውስጥ በራ፤ አራት ዓመት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1964፣ የሕንድ ተወላጁ ኩማር ፓቴል በቤል ላቦራቶሪ ይህን በጋዝ የሚሠራውን ፈጠረ። የዚህ ማሽን ጨረር በዓይን አይታይም። መስታወት ግን ይውጠዋል፤ ጨረሩ ገና ላዩ ላይ እንዳረፈ ሙቀት ይሆናል። ስለዚህ መስታወትን ምንም ሳይቀባ በቀጥታ ይቀርጸዋል።

ሁለተኛው ዳዮድ የሚባለው ነው። ሰማያዊ ነው። ርካሽ ነው፣ ቀላል ነው፣ አብዛኛው ጀማሪ የሚገዛውም እሱን ነው። ችግሩ ምን መሰላችሁ? ሰማያዊ ብርሃን በመስታወት ውስጥ ያልፋል! መስኮታችሁ የሰማዩን ሰማያዊ እንደሚያሳያችሁ ሁሉ፣ ንጹሕ መስታወት ለዚህ ጨረር የተከፈተ በር ነው። አይቀረጽም። ለዚህ ነው ልጆቹ መጀመሪያ መስታወቱን ጥቁር የውሃ ቀለም የሚቀቡት። ጥቁሩ ቀለም ጨረሩን ይውጣል፣ ይግላል፣ ሙቀቱን ለመስታወቱ ያስተላልፋል፤ መስታወቱም ይሰነጠቃል። ሲጨርሱ ቀለሙን ያጥቡታል፣ ምስሉ ይቀራል። ብልሃት ነው!

ይሁንና ቀለሙ በደንብ ካልዳረሰ፣ ወይም ተቃጥሎ ካለቀ፣ ጨረሩ ወዴት ይሄዳል? በመስታወቱ ውስጥ አልፎ ወደ ታች ነዋ! ታች ያለው ነገር የሚያብረቀርቅ ከሆነስ? እዚህ ላይ የአንዲት ልጅ ታሪክ ይመጣል።

የሁለቱ እጮኛሞች ነገር

ስማቸውን አልጠራም፤ ፈቅደው ያወሩኝ ሌላው እንዲማርበት ነው። እሱ ሃያ ስድስት፣ እሷ ሃያ አራት ዓመታቸው ነው። ሰርጋቸው ሁለት ወር ቀርቶት ነበር። አባቷ ከሞቱ ቆይተዋል። «የመልስ ቀን ለእማዬ የአባዬን ፎቶ መስታወት ላይ ቀርጸን እንስጣት» አለችው። እሱም ደስ ብሎት ሰማያዊውን ማሽን አስነሳ።

ከማሽኑ ጋር የመጣው መነጽር አንድ ነው። አንድ! እሱ አደረገው። እሷን «ዞር በይ፣ አትይው» አላት። እሷም መጀመሪያ ዞር አለች። ግን የአባቷ ፊት ነው እየወጣ ያለው። ግንባራቸው ወጣ፣ ቅንድባቸው ወጣ… ሰው ነች እንግዲህ፤ ጎንበስ ብላ አየች።

መስታወቱ የተቀመጠው ምን ላይ ነበር? የተወለወለ የሻይ ትሪ ላይ! ቀለሙ ሳስቶ በነበረበት በአንድ ጥግ ጨረሩ አለፈ፣ ትሪው ላይ ነጠረ፣ ተመልሶ ወጣ። ከዓይን ጥቅሻ የፈጠነ ነገር ነበር። አላመማትም። የካሜራ ፍላሽ እንደተነሳባት ብቻ ነው የተሰማት። «ያልፍልኛል» ብላ ተኛች። ጠዋት ስትነሳ አላለፈም።

ሐኪሙ ዓይኗን መርምረው «ጠባሳው ከዓይንሽ ጀርባ ነው፤ ያውም ጥርት አድርገሽ የምታዪበት ቦታ ላይ። ይሄን የሚመልስ መድኃኒት የለኝም» አሏት።

እሷ ለእኔ ያለችኝን ቃል በቃል ልጻፈው፦ «የቀኝ ዓይኔን ብቻ ከፍቼ ሰው ሳይ ጆሮውን አያለሁ፣ ፀጉሩን አያለሁ። ዓይንና አፍንጫው ያለበት ቦታ ግን ግራጫ ነገር ጠብ ያለበት ይመስለኛል። የአባዬም መስታወት እንደዚያው ነው። ዙሪያውን አየዋለሁ፣ ፊቱን አላየውም።»

ሰርጉ ቀረ ወይ ብላችሁ እንደምትጠይቁ አውቃለሁ። አልቀረም። ተጋብተዋል። መስታወቱም የመልስ ቀን ተሰጥቷል፤ እናትየዋ ሳሎናቸው ውስጥ አስቀምጠውታል። እስካሁን የልጃቸው ዓይን «በኮምፒዩተር ጣጣ» የተጎዳ ነው የሚመስላቸው። ልጁ ግን ስድስት ወር ሙሉ ማሽኑን አልነካም፤ ጨርቅ አልብሶ ትቶት ነበር። እንዲሸጠው ሲያስብ የከለከለችው እሷው ነች። «እንጀራችን ነው። ሣጥን ሥራለትና ቀጥል» አለችው። ሣጥን ሠራለት፣ ቀጠለ። ይሄን ዓይነት ሴት ያገኘ ሰው ዕድለኛ ነው ብዬ ብቻ ልለፈው።

«ትንሽ ማሽን እኮ ነው!» ለምትሉ

ትንሽ አይደለም። አስተማሪ ሰሌዳ ላይ የሚጠቁምባት፣ ልጆች ግድግዳ ላይ የሚጫወቱባት ቀይ ሌዘር ደንቡን ጠብቃ ከተሠራች ከ5 ሚሊ ዋት አትበልጥም። «ትንሽ» የምትሉት የቤት ማሽን 5 ዋት ነው። 5 ዋት ማለት 5 ሺህ ሚሊ ዋት ነው፤ አንድ ሺህ እጥፍ! ከ500 ሚሊ ዋት በላይ የሆነ ጨረር ሁሉ በዓለም አቀፉ የአደጋ ደረጃ የመጨረሻው፣ አራተኛው ክፍል ውስጥ ነው የሚመደበው። ሰው ብርሃን ሲበዛበት ዓይኑን ለመጨፈን ሩብ ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ይሄ ጨረር ግን ሩብ ሰከንድ አይጠብቅም።

ሌላም አለ። ዓይናችን ራሱ ሌንስ ነው። የገባለትን ብርሃን ሰብስቦ ከጀርባው ሬቲና የሚባለው ስስ ሽፋን ላይ ሲያሳርፈው ኃይሉን እስከ 100 ሺህ እጥፍ ሊያከማቸው ይችላል። በልጅነታችሁ በማጉያ መነጽርና በፀሐይ ወረቀት አቃጥላችሁ አታውቁም? እንደዚያ ነው። ሬቲና ደግሞ አያምም፤ ሲቃጠል አይጮህም። ልጅቷ ተኝታ ያደረችው ለዚህ ነው።

በጋዝ የሚሠራውስ? እሱ እስከ ሬቲና አይደርስም፤ የዓይንን ፊተኛ ሽፋን ነው የሚያቃጥለው። አይታይም ብያችኋለሁ፤ ስለዚህ የት እንዳለ እንኳ አታውቁም። በጎ ጎኑ ተራ መስታወትና ፕላስቲክ የሚያስቆመው መሆኑ ነው። የማሽኑ ክዳን እስከተዘጋ ድረስ ሰው ይጠበቃል። አንዳንድ ርካሽ ማሽን ግን ክዳኑ ሲከፈት ጨረሩን የሚያጠፋ መሣሪያ የለውም። ከመግዛታችሁ በፊት ይቺን ጠይቁ።

እንግዲህ እንዴት ይሠራ?

አትሥሩ አላልኩም። ዓይን ይቅደም ነው ያልኩት።

መነጽር በሰው ቁጥር ይገዛ። ክፍሉ ውስጥ ሁለት ሰው ካለ ሁለት መነጽር። ሦስተኛ ሰው ከመጣ ወይ ይውጣ፣ ወይ ማሽኑ ይጥፋ። «ብርቱካንማ ነው፣ ይበቃል» አትበሉ፤ የፀሐይ መነጽርም ብርቱካንማ ይሆናል። መነጽሩ ላይ የሚከላከልበት የጨረር ቁጥር መጻፍ አለበት፤ ለሰማያዊው ማሽን 450 ናኖ ሜትርን የሚጨምር መሆን አለበት። ከጎኑ «ኦዲ» የሚባል ቁጥር ይኖራል። ኦዲ 4 ማለት ከአሥር ሺህ አንዱን ብቻ ያሳልፋል፣ ኦዲ 6 ማለት ከሚሊዮን አንዱን። ለጋዙ የተሠራ መነጽር ሰማያዊውን አያስቆምም፤ ሁለቱን አታቀላቅሉ። መነጽር ማድረግ ደግሞ ጨረሩን አፍጥጦ ለማየት ፈቃድ አይደለም።

ከሁሉ የሚሻለው ሣጥን ነው። ማሽኑን ዙሪያውን ዝጉት። ሥራውን ማየት ያማራችሁ እንደሆነ ስልካችሁን ሣጥኑ ውስጥ ከጎን አቁማችሁ በካሜራ ተመልከቱ።

ከመስታወቱ ሥር ትሪ፣ ቆርቆሮ፣ የሚያብረቀርቅ ነገር ፈጽሞ አይግባ። እንጨትም ካሳለፈው ጨረር እሳት ሊይዝ ይችላል። ያልተወለወለ የሸክላ ጡብ ወይም ሻካራ ድንጋይ ይሻላል። ማሽኑ እየሠራ ቡና ልጠጣ ብሎ መውጣት የለም። እሳት ማጥፊያ አጠገባችሁ ይኑር። ጭሱ በመስኮት ይውጣ። ፒቪሲ የሚባለውን ፕላስቲክ ደግሞ እንኳን ሊቀርጹት ለመሸፈኛም አይጠቀሙበትም፤ ሲቃጠል መርዛም ጋዝ ይለቃል፣ ሳንባንም ማሽኑንም ይበላል።

ይሄ ከተሟላ ወደ ሥዕሉ እንግባ።

ፎቶው ግማሹ ሥራ ነው። የእኛ ሰው ጠይም አለ፣ ቀይ ዳማ አለ፣ ጥቁር አለ። ማሽኑ ግን ይሄን ሁሉ አያውቅም፤ የሚያውቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ መታሁ፣ አልመታሁም። ስለዚህ ፎቶው በኮምፒዩተር ወደ ነጥቦች ይለወጣል፤ ነጥብ የበዛበት ደመቅ፣ ያነሰበት ጨለም ይላል። ፊቱ ከጎን ብርሃን ያረፈበት፣ ጀርባው ባዶ የሆነ ፎቶ ምረጡ። ግርግር ያለበትን የሰርግ አዳራሽ ፎቶ ሙሉውን ልቅረጽ ማለት ከንቱ ድካም ነው፤ ፊቱን ብቻ ቁረጡት።

እንጨት ላይ የተመታው ይጠቁራል። መስታወት ላይ የተመታው ይነጣል! ስለዚህ መስታወቱ ከኋላው ጥቁር ነገር ተደርጎ የሚታይ ከሆነ ምስሉ እንደ ድሮ ፊልም ኔጋቲቭ ተገልብጦ መሄድ አለበት። የሚመታው የእማማ ነጭ ነጠላ እንጂ ጥቁር ፀጉራቸው አይደለም። ይሄን የረሳ ልጅ ነጭ ፀጉር ያላት ሙሽራ ሠርቶ አይቻለሁ።

ከጀርባ ቀርጻችሁ ከፊት እንዲታይ ካደረጋችሁት ፊተኛው ገጽ ለስላሳ ይሆናል፣ ሲጠረግም አይሻክርም። ግን ምስሉን ቀኙን ወደ ግራ አዙሩት፤ አለበለዚያ ስሙ ተገልብጦ ይነበባል። ስለ ፊደል ካነሳን ወፍራም ፊደል ተጠቀሙ። መስታወት ጠርዝ ጠርዙን ሲፈረከስ «ቡ»ን ከ«ቢ» የምትለየዋ ትንሽ ጭረት ትጠፋለች። የሰው ስም አበላሽቶ ከማፈር ፊደል ማወፈር!

ነጥብ አታብዙ። በ1 ሚሊ ሜትር 10 ነጥብ ይበቃል። ከዚያ በላይ ሲጠጋጋ ስንጥቅ ከስንጥቅ ይገናኝና መስታወቱ ቅርፊት እየሆነ ይነሳል። ሂሳቡን ልሥራላችሁ፦ 15 በ10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፎቶ 1 ሺህ መስመር አለው። ማሽኑ በሰከንድ 100 ሚሊ ሜትር ቢሄድ አንዱ መስመር 1 ሰከንድ ተኩል ይወስዳል። ድምሩ 25 ደቂቃ ነው፤ ማሽኑ ጫፍ ላይ ደርሶ የሚዞርበት ሳይቆጠር። ያቺ ልጅ «አትይው» የተባለችው ለአንድ አፍታ አልነበረም ማለት ነው። በመነጽር አንድ ሆኖ ለሁለት ሰው ይሄን ያህል ጊዜ ዓይን መከልከል አይቻልም።

ለጋዙ ማሽን አንድ የአሮጌ ባለሙያ ዘዴ አለ። መስታወቱ ላይ የረጠበ ጋዜጣ ሳይሸበሸብ ይለጠፋል፣ ወይም የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና በስሱ ይቀባል። እርጥበቱ ትርፍ ሙቀቱን ይወስድለታል፤ ስንጥቁም ልስልስ ይላል። (ይቺን ጋዜጣ አንብባችሁ ስትጨርሱ ሥራ አላት ማለት ነው!)

መስታወት ሁሉ አንድ አይደለም። እንዳይሰበር ተብሎ በሙቀት የጠነከረው መስታወት ውስጡ የታፈነ ውጥረት አለው፤ ጨረሩ ሲጎዳው በአንድ ጊዜ ሊፈነዳ ይችላል። ክሪስታል የሚባለው ደግሞ ውስጡ እርሳስ ስላለበት አያያዙ ይለያል፤ ጀማሪ አይንካው። መስታወት ቆራጮች ዘንድ ከሚተርፈው ቁርጥራጭ ተራውን ለምናችሁ ውሰዱ። ፍጥነቱንና ኃይሉን እየቀያየራችሁ ትንንሽ አራት ማዕዘን ቅረጹበት፤ የማሽናችሁን ልክ የሚነግራችሁ እሱ ነው። የሌላ ሰው ቁጥር ለእናንተ ማሽን አይሆንም።

ብርጭቆ ከሆነ ከንፈር የሚነካው ጠርዝና ውስጡ አይቀረጽም። ሥራው ሲያልቅ በአፋችሁ እፍ አትበሉ፤ የመስታወት ብናኝ ነው። በውሃ እጠቡት።

መብራትስ? መሃል ላይ ቢጠፋ ማሽኑ የት እንደነበረ ይረሳል፤ የጋዙ ማሽን ደግሞ የሚያቀዘቅዘው የውሃ ፓምፕም አብሮ ይቆማል። መስታወት ላይ ላጲስ የለም። መብራት በሚወላወልበት ቀን የሰው አደራ አትጀምሩ፤ ከቻላችሁ መጠባበቂያ ባትሪ ያዙ።

ገበያ ለምትወጡ

ደንበኛ «የእናቴ የሰርጓ ብርጭቆ ነው፣ ከዓለም የቀረኝ እሱ ብቻ ነው» ብሎ ቢያመጣ ጎንበስ ብላችሁ መልሱለት። ሊሰበር ይችላል፤ ብር ደግሞ እሱን አይተካም። አዲስ ብርጭቆ ላይ ሠርታችሁ ስጡት። ዋጋ ስትቆርጡ የሚሰበረውንም አስሉ፤ ከአሥር አንዱ አይበላሽብኝም የሚል ጀማሪ ራሱን ያታልላል።

አሁን ወደዚያች ቀጠሮ ወደሰጠኋት ነገር ልመለስ። መስታወት አይፋቅም። በሦስት ሳምንት ፍቅር ስሙንና ስሟን በልብ ውስጥ አስቀርጾ፣ በአራተኛው ሳምንት «ይጠፋልኝ ይሆን?» ብሎ የመጣ ጎረምሳ አውቃለሁ። አይጠፋም ወንድሜ! ለእንዲህ ዓይነቱ ደንበኛ እንጨት አቅርቡለት፤ እንጨት ቢያንስ በብርጭቆ ወረቀት ይፋቃል።

ዓይንስ? ዓይንም አይፋቅም፤ የሬቲና ጠባሳ ከመስታወቱ ጭረት ቢብስ እንጂ አያንስም። ድንገት ብልጭታ ዓይናችሁ ውስጥ ከገባና ነጠብጣብ ወይም ብዥታ ከቀረባችሁ፣ ስላላመማችሁ አትዘናጉ። ያኔውኑ ማሽኑን አጥፉ፣ በዚያው ቀን የዓይን ሐኪም ጋ ሂዱ፣ የማሽኑን ዋትና የጨረሩን ቁጥር ጽፋችሁ ያዙ። ከየቤቱ የተገኘ ጠብታ አትጨምሩበት።

እናንተ ማሽን ልትገዙ ብር የምታጠራቅሙ ልጆች፣ ከዋጋው ላይ የሁለተኛውን መነጽርና የሣጥኑን ቀንሳችሁ አስቀምጡ። ሁለቱን የማይጨምር በጀት ማሽን ለመግዛት ገና አልደረሰም። እናንተም የፍቅረኛችሁን ሥራ ለማየት የምትጓጉ፣ «መነጽሬስ?» ብላችሁ ጠይቁ። የለም ከተባላችሁ ውጡና በር ላይ ጠብቁ። ሥራው ሲያልቅ ፊቱ እዚያው ነው፤ የትም አይሄድም።

ቸር እንሰንብት።